ምዕራፏን ልጨርስ

ሰኞ ጠዋት ደረጃ ላይ አንሸራቷት ወደቀች፤ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ በጄሶ ታሰረ። ማታ ባሏ «አይዞሽ፣ ይህን ሳምንት እኔ አግዝሻለሁ» አላት። አግዝሻለሁ! በአንድ እጇ ሽንኩርት ልትከትፍ ይመስል። 28 ዓመት በኖሩበት ቤት ወጡ የእሷ ሥራ ነው፤ የእሱ ሁልጊዜም እገዛ ነው።

ማክሰኞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመደርደሪያው አወረደች። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እሷ ግን የምታውቀው በልጅነቷ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። ያውም ተቆራርጦ። ወንድሞቿ ሬዲዮኑን ከበው ሲያዳምጡ እሷ «ውሃ አምጪ»፣ «ቡናውን እዪው» እየተባለች በበሩ በኩል የደረሳትን ብቻ ሰማች። በዛብህ እንደሚሞት ታውቃለች፤ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አታውቅም። መጽሐፉ ቤቷ ከገባ ቆይቷል። ከ500 ገጽ በላይ የሚነበብበት ጊዜ ነው ያልገባው።

ባልየው ሽሮውን አንዴ ዘርግፎት ጓጎለበት። ረቡዕ የምስር ወጥ ሠራ፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬውን ጨምሮበት ጥሬ ጥሬ አለ።

«ስንት ደቂቃ ነው የሚቁላላው?»

«ደቂቃ የለውም። ያለ ዘይት ቀስ እያልክ አቁላላው፤ ሲይዝብህ ውሃ ጠብ አድርግ። አጠገቡ መቆም ነው።»

በእሷ ትእዛዝ ያቦካው ሊጥ ዓርብ ደረሰ። አብሲት ሲጥል በአንድ እጁ ማማሰያ፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ዜና ለማንበብ ሞከረ። ሦስት መስመር ሳይጨርስ አረረበት። አብሲት ፊት ያዞረበትን አይምርም።

እሷ እስከዚያ ርቃ ሄዳለች። በዛብህ ገና ሳያድግ ወላጆቹ በስለት ለእግዚአብሔር የሰጡት ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት የለም እያሉ ጠያቂ ሲመልሱ ዕድሜዋ የሄደባት ናት። በበሩ በኩል ስትሰማው የፍቅር ታሪክ ብቻ መስሏት ነበር። አሁን ሲነበብ፣ ሌላ ሰው አስቀድሞ የቆረጠላቸው ሰዎች ታሪክ ሆነባት። ጉዱ ካሣ የሚናገርበትን እየተመለሰች ሁለቴ አነበበችው። (እውነት የሚናገረውን እብድ ማለት ዛሬም አልቀረም።)

እሑድ ምሳ ላይ ዳር ዳሩ የተቆራረሰ፣ ዓይን የሌለው እንጀራ ቀረበ። «ነይ እንጂ! ይቀዘቅዛል እኮ!» ሲል ከማዕድ ቤት ተጣራ።

«ምዕራፏን ልጨርስ» አለች፣ ቀና ሳትል።

28 ዓመት ከሳሎን ወደ ማዕድ ቤት ስትሰማው የኖረችው መልስ ነው። ባልየው ትንሽ ቆመና ወጡን መልሶ ከደነው።