ተቀባዩን ማን ይቀበለው?

እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ በማግስቱ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል። ታዲያ የሰው አገር ልጅ ቤቱ አስገብቶ፣ ያለ ክፍያ ዓመት ሙሉ የሚያኖር ሰው ምን ሊባል ነው?

ኤኤፍኤስ የሚባለው የተማሪዎች ልውውጥ ድርጅት የቆመው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ነው። መነሻውም በጎ ፈቃድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ፈረንሳይ ውስጥ የጦር ቁስለኛ ያመላልሱ የነበሩ አሜሪካውያን የአምቡላንስ ሾፌሮች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ቁስለኛ ከማንሳት ወጣቶችን ማላመድ ይሻላል ተባለና ከ1947 ጀምሮ ተማሪ ማመላለስ ተያዘ።

እንዲህ ያለ ማኅበር በጎ ፈቃደኞቹን ለአገር አቀፍ ስብሰባ ሲጠራ ነው ፈተናው። ሌላ ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የሚቆመው፣ ናፍቆት ያስለቀሳትን ልጅ በእኩለ ሌሊት በስልክ የሚያባብለው ሰው ዛሬ እንግዳው ራሱ ነው።

ሳስተምር ብዙ ጉባኤ አይቻለሁ። ወንበር የሚሸከሙት፣ ባጅ የሚያድሉት ተማሪዎች ነበሩ፤ ምሳ የሚደርሳቸው ግን ከተረፈ ነው። በመዝጊያው «የተባበሩንን ሁሉ እናመሰግናለን» ይባላል። «ሁሉ» ማለት እኮ ማንንም አለመጥራት ነው!

አቀባበል ባነርና የባለሥልጣን ንግግር አይደለም። ከሩቅ ከተማ አምሽቶ የሚደርሰውን ወጥቶ መጠበቅ፣ በስሙ መጥራት፣ የትራንስፖርቱን ሳያስለምኑ መስጠት፣ «በርታ» ከማለት በፊት «ምን አስቸገረህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን መጻፍ ነው። ደመወዝ የሌለው ሰው መልቀቂያ አያስገባም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። እሱ የቀረ ዕለት ደግሞ ያ የሰው አገር ልጅ ሻንጣውን ይዞ ብቻውን ይቆማል።