ጭንብልና መታወቂያ

በሥዕላዊ ታሪኮች ላይ ተመሥርተው የተሠሩ የልዕለ ኃያላን ተከታታይ ፊልሞችን የሚወድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሙግት ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» ከሚሉት ጋር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከራሱ ወገኖች ጋር፣ እያንዳንዱን ክፍል እየመረመሩ «መጽሐፉ እንዲህ አይልም» ከሚሉት ጋር ነው። በማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ ወረዳ ሥር በምትገኘው በኡራን የሚያስተምር አንድ ሰው ግን ሦስተኛ ሙግት አለው። ጀግናው እንዴት ሊበር ቻለ የሚለው አያስጨንቀውም፤ የሚጠይቀው መታወቂያውን ከየት አመጣው ብሎ ነው።

መምህሩ በቤቱ የቦረና ኦሮምኛ ይናገራል፤ በሥራው ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይጠቀማል፤ አማርኛውን የተማረው በልጅነቱ ከአጎቱ ዘንድ ሆኖ በኢትዮጵያው ሞያሌ በቆየባቸው ዓመታት ነው። ፊልሞቹ የሚደርሱት በፍላሽ ተጭነው ከሞያሌ ሲሆን፣ በፀሐይ ኃይል በሞላ ላፕቶፕ ሌሊት ሌሊት ይመለከታቸዋል። የታሪኮቹ መነሻ የሆኑት መጻሕፍት ግን ኡራን ደርሰው አያውቁም። ስለዚህ ለእርሱ ፊልሙ ዋናው ነው፤ መጽሐፉ በወሬ ብቻ የሚታወቅ ሩቅ ዘመድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የወደደው «ስሞልቪል»ን ነበር። ይህ ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 በ10 ምዕራፎች የታየ ሲሆን፣ የሱፐርማንን የወጣትነት ዘመን ይተርካል። አዘጋጆቹ ገና ከጅምሩ ክላርክ ኬንት እንዳይበር፣ የታወቀውን ልብሱንም እንዳይለብስ ወስነው ነበር። ይህ ውሳኔ ብዙ የመጽሐፉን ወዳጆች አስቆጥቷል። መምህሩን ግን አስደስቶታል፤ የገጠር ልጅ፣ ላምና አጥር፣ ዕዳ ያለበት አባት ካዩት ፊልም ሁሉ ይልቅ ለኡራን የቀረበ ነበርና።

ከክፍሎቹ ሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው ድብድብ የበዛበትን አይደለም። በሁለተኛው ምዕራፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታየው፣ «የዘር ሐረግ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የተሰጠው ክፍል ነው። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር እ.ኤ.አ. በ1938 ሱፐርማንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጡ ሕፃኑን ያገኘው መንገደኛ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ወሰደው፤ ነገሩም በጥቂት ሥዕሎች አለቀ። «ስሞልቪል» ግን መጽሐፉ ያለፈውን ቀዳዳ ከፍቶ አሳየ። ከሰማይ የወረደ ልጅ የልደት ወረቀት የለውም። አሳዳጊው ጆናታን ኬንት የጉዲፈቻውን ሰነድ ያገኘው በባለጸጋው በላዮኔል ሉተር አማካይነት ነው፤ ጉዳዩን ፈጸመ የተባለውም ድርጅት የይስሙላ ነበር። በምትኩ ጆናታን የሮስ ቤተሰብ የበቆሎ ማቀነባበሪያ ፋብሪካቸውን ለሉተር እንዲሸጡ አግባባ። ሐቀኛው ገበሬ ለልጁ ስም ሲል የጎረቤቶቹን እምነት ከፈለ።

መምህሩ ይህን ክፍል ለተማሪዎቹ በቦረና ኦሮምኛ ሲተርክላቸው ስለ ጀግናው ኃይል የጠየቀ አልነበረም። አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ አባትየው ዕዳውን ከፍሎ ጨረሰ?» አለች።

ጥያቄዋ ከየት እንደመጣ የድንበር ሰው ያውቀዋል። በኬንያ አንድ ዜጋ 18 ዓመት ሲሞላው መታወቂያ ያወጣል። ያለዚህ ካርድ የስልክ ቁጥር በስሙ ማስመዝገብ፣ የባንክ ደብተር መክፈት፣ የዩኒቨርሲቲ ብድር መጠየቅ፣ ድምፅ መስጠት አይቻልም። ለድንበር አውራጃዎች ወጣቶች ደግሞ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሌላ በር ተጨምሮ ነበር፤ ተጨማሪ ማጣራት የሚሉት። አመልካቹ በማጣሪያ ሸንጎ ፊት ቀርቦ የየት ሰው፣ የማን ልጅ እንደሆነ ማስረዳት ነበረበት። ዘመድ በወዲያና በወዲህ በተበተነበት አገር አያትን ከየትኛው ወገን መቁጠር እንደሚቀና ገማቹ ሁሉ የየራሱ መልስ አለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መምህሩ ራሱ ለአንድ የቀድሞ ተማሪው ምስክር ሆኖ ቀርቦ ነበር። ልጁ የተወለደው በኬንያ ምድር ነው፤ አያቱ ግን ከወዲያኛው ወገን ናት። መምህሩ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ አለ፤ የፈተና ውጤቱን፣ የስም መጥሪያውን ዝርዝር ሳይቀር አቀረበ። ቃሉ አልበቃም። በኋላ የአንድ ነጋዴ ቃል በቃ። ነጋዴው ገንዘብ አልጠየቀም፤ «ለሌላ ቀን ይቀመጥልኝ» ብቻ አለ። ልጁ ዛሬ ካርዱን በኪሱ ይዟል፤ አባቱ ግን ያን ነጋዴ በገበያ ባየው ቁጥር ቀድሞ ይነሣለታል።

መምህሩ ከዚያ ወዲህ ልዕለ ኃያላኑን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2020 በታየው «አሮው» ውስጥ የባለጸጋው ልጅ ኦሊቨር ኩዊን በሞት ተቆጥሮ ከአምስት ዓመት በኋላ ይመለሳል። በሁለተኛው ክፍል ፍርድ ቤት ቀርቦ ሞቱን ያሰርዛል፤ በሕግ ፊት ሕያው ሆኖ ይወጣል። ብዙ ተመልካች ስለ ቀስቱ ሲያወራ መምህሩ ስለ ችሎቱ ያስባል። ጭንብል ማጥለቅ የሚችለው፣ ይላል፣ ጭንብሉን ሲያወልቅ ማንነቱን የማይጠራጠሩት ሰው ነው። ስሙን የሚደብቅ ጀግና መጀመሪያ ያልተካደ ስም ሊኖረው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ በዋጂር ተገኝተው ያ ተጨማሪ ማጣራት እንዲቀር የሚያዝዝ ሰነድ ፈረሙ። በኡራን የተደሰተም «እናያለን» ያለም ነበር። መምህሩ ከሁለቱም ወገን ነው። የተፈረመ ወረቀት ነገ ለሚያመለክቱት በር ይከፍታል፤ ትናንት የተገባን ውለታ ግን አይሰርዝም።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ የተመለሰ ወዳጁ «ጀምበር»ን አመጣለት። በሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው፣ የኢትዮጵያ ልዕለ ኃያል ጀግና ታሪክ ነው። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። መምህሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊልሙ በፊት መጽሐፉን ያዘ፤ ያውም በሚያነበው ቋንቋ።

አሁን እርሱም እንደነዚያ ተሟጋቾች የሚጠብቀው ነገር አለው። አንድ ቀን «ጀምበር» ተከታታይ ፊልም ቢሆን ልብሱን ቢለውጡት፣ ከተማውን ቢለውጡት፣ ጠላቱንም ቢለውጡት ቅር አይለውም። ነገር ግን ወጣቱ የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተትበትን ቆርጠው ቢጥሉት፣ ኡራን ላይ ተቀምጦ «መጽሐፉ እንዲህ አይልም» ለማለት ዝግጁ ነው።