ስለ አንድ ግንድ እሳት

ካራ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ ከኮተቤ ወዲያ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ስፍራ እንደ ሆነች ታውቃላችሁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በዚያ እንዴት እንደሚበርድ ግን በበር ላይ የሚያድር ዘበኛ እንጂ በቤት ውስጥ የሚተኛ ጌታ አያውቀውም። እኛም አላወቅነውም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሽማግሌው ዘበኛችን ብርዱ እንደ ጸናባቸው ቢነግሩን፥ ደግ ሥራ የሠራን መስሎን አንድ ማንደጃና አንድ ጆንያ ከሰል ሰጠናቸው። በማግስቱ ማለዳ በሩን የሚከፍትልን ብናጣ ወደ ጎጆአቸው ሄድን፤ መዝጊያው ተዘግቶ መስኮቱም በጨርቅ ተወትፎ አገኘነው። እርሳቸውም በመደቡ ላይ ወድቀው ያቃስቱ ነበር። ተሸክመን ወደ ደጅ አወጣናቸው፤ ወደ ሐኪም ቤትም አደረስናቸው፤ በእግዚአብሔር ቸርነት በሦስተኛው ቀን ድነው ተመለሱ።

ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። የሰው ደም ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋልና፥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ይህንን እኛ በትምህርት ቤት ተምረነው ነበር፤ ሽማግሌው ግን አልተማሩትም። ከሰሉንም የሰጠን እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ በደጅ የሚነድ፥ በየጊዜው ቆስቋሽ የማይሻ እሳት ስንፈልግ ሰነበትን። አንድ የጎረቤት አናጢ በሰሜን አውሮፓ አገር ስለሚነድ የቆመ ግንድ ነገረን። ጀርመኖች የስዊድን ችቦ ይሉታል፤ ከ1618 እስከ 1648 በአውሮፓ አቆጣጠር በተደረገው የሠላሳ ዓመት ጦርነት የስዊድን ወታደሮች ይሞቁት እንደ ነበረ ይተረካል። የእኛ ደመራ ከብዙ እንጨት ተደምሮ ይቆማል፤ ይህ ግን አንድ ብቻውን ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን መሳቂያ አደረገን። በዚያው ሳምንት የተቆረጠ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ ብናቆም፥ አረፋ እየደፈቀ ሰፈሩን ሁሉ በጢስ አጠነው፤ እሳት ግን አልሆነም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን በአፍንጫቸው ላይ እየጠቀለሉ፥ «ጌታዬ፥ ደግሞ በዚህ ሊገድሉኝ ነውን?» አሉ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ሳቀ፤ እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም።

ግንዱ ቢያንስ ስድስት ወር በጣራ ሥር የደረቀ ይሁን። ርዝመቱ 60፥ የጎኑ ስፋት 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሁለቱ ጫፎች ተስተካክለው ከተቆረጡ በኋላ፥ ከላይ ወደ ታች በመጋዝ እንደ መስቀል ይሰነጠቃል፤ ከግርጌው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይነካ ይቀራል። ስንጥቁም የትንሽ ጣት ያህል ይስፋ። ደረቅ ቅርፊትና ጭራሮ በመካከሉ ጎስጉሶ መለኮስ ነው፤ ነፋሱ በስንጥቁ ይገባል፥ ትኩሳቱ በመካከል ይወጣል፤ ግንዱ ራሱ ለራሱ የጢስ መውጫ ሆኖ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነዳል። መጋዝ የሌለው በመጥረቢያ አራት ላይ ፈልጦ፥ በመካከሉ ትንንሽ ጠጠር አግብቶ፥ ግርጌውን በሽቦ ይሰር።

ባሕር ዛፍን በ1880ዎቹ ዓመታት ያስመጡት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ከተማይቱ እንጨት አጥታ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዛሬ ግንዱን ከአጣና ነጋዴ፥ ጭራሮውን ከእንጦጦ ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች እንገዛለን፤ ሸክማቸውን ስናይ ግን ዋጋ ለመከራከር አፋችን አይከፈትም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው በቶሎ ይቀጣጠላልና፥ እሳቱ የሚቆምበት ስፍራ ተጠርጎ አፈር ብቻ ይሁን፤ ውኃም በአጠገቡ አይታጣ።

የእኛ ግንድ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተለኩሶ እስከ አምስት ሰዓት ቆየ፤ ለአንድ ሌሊት ሦስት ይበቃል። ማንደጃውን ባለቤታችን አፈር ሞልታ ጤና አዳም ተክላበታለች።

በጥር አንድ ሌሊት ሽማግሌው በግንዱ አናት ላይ ጀበናቸውን ጥደው ቡና ጠሩን። ፊታችን እየተቃጠለ ጀርባችን ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሳቸውም ምንም ሳይናገሩ የጋቢያቸውን እኩሌታ አለበሱን።