የኅብረት ጽሑፍ ያስተማረኝ ትምህርት

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች፣ ከትምህርት ቤታችን ወጥቼ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ካጋጠመኝ ነገር አንዱን እንድጽፍላቸው በጠየቁኝ ጊዜ፣ ያሳፈረኝን ለመንገር መረጥሁ፤ ከእርሱ የተማርሁት ይበልጣልና።

በ2017 ዓ.ም. የጂኦግራፊ መምህራችን አምስት አምስት አድርገው ከፈሉንና ስለ አዋሽ ወንዝ በዊኪ እንድንጽፍ አዘዙን። ዊኪ ማለት ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት አማካይነት በአንድ ገጽ ላይ የሚጽፉበት፣ አንዱ የጻፈውንም ሌላው የሚያርምበት መሣሪያ ነው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚመላለሰው አውቶቡስ ነው፤ በሃዋይ ቋንቋ «ዊኪ» ፈጣን ማለት ነውና።

እኔም ከመጠን በላይ ፈጠንሁ። ከመካከላችን አንዱ የአፋር ልጅ ነበረ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚቀር ሁላችንም ከመጽሐፍ እናውቅ ነበር፤ እርሱ ግን ወንዙ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ከብት አርቢው እንዴት እንደሚሸሽ፣ ውኃው ሲጎድልም ለለመለመው ሣር እንዴት እንደሚመለስ ጻፈ። እንግሊዝኛው ስሕተት ነበረበት። እኔም ማርክ ያስቀንስብናል ብዬ፣ ሳልጠይቀው፣ ሌሊት አጠፋሁትና ከመጽሐፍ የቀዳሁትን ተካሁበት። በማግሥቱ ምንም አልተናገረኝም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ በገጹ ላይ አንድ ቃል እንኳ አልጨመረም።

ዊኪ ግን የተሰረዘውንም አይረሳም። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ጻፈና ምን እንዳጠፋ ተመዝግቦ ይቀመጣል። መምህራችን ያንን መዝገብ ከፍተው አነበቡና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ፊደሉ ቢሳሳት ፊደሉን ታርማለህ እንጂ የሰውን ዕውቀት ትጥላለህን? አንተ የጻፍኸውንማ ከመጽሐፉ አነበው ነበር» አሉኝ።

ባልንጀራዬን ይቅርታ ጠየቅሁት። የጠፋውን ከመዝገቡ መልሰን፣ እርሱ እየነገረኝ እኔ ፊደሉን እያቃናሁ አብረን ሠራነው። እርሱም በተራው፣ የቆላው ጎርፍ ከዚያው ከቆላው ዝናብ ይመጣል ብዬ የጻፍሁትን፣ ዝናቡ የሚዘንበው በደጋ መሆኑን አስረድቶ አረመልኝ። መታረም እንዴት እንደሚከብድ፣ እንዴትም እንደሚጠቅም ያን ጊዜ ገባኝ።

ውድ ታናናሾቼ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን አድገናል። እኔ ግን አንዱን ክር በጥሼ ድሩን ያጠናከርሁ መስሎኝ ነበር። እናንተም በቡድን ስትሠሩ፣ የባልንጀራችሁን ቃል ከማጥፋታችሁ በፊት እባካችሁ ጠይቁት።