ከራቪ ወንዝ ማዶ

በልጅነቴ ሒሳብ ያስተማሩን አንድ ሕንዳዊ መምህር ነበሩ። በዚያ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ከሕንድ የመጡ መምህራን ብዙ ነበሩና አገሩ ለምዷቸው ነበር። እኚህ ግን የሲክ ሃይማኖት ተከታይ በመሆናቸው ጢማቸው ረጅም፣ ጥምጥማቸውም ትልቅ ነበር። የከተማው አሮጊቶች ካህን እየመሰሏቸው በመንገድ ላይ እጅ ሲነሷቸው፣ እርሳቸውም ጎንበስ ብለው አጸፋውን ይመልሱ ነበር። እኛ ተማሪዎቹ «ሰር» እንላቸው ነበር።

አንድ ቀን አገራቸው የት እንደሆነ ጠየቅናቸው። ጠመኔ አንሥተው በሰሌዳው ላይ ወንዝ ሣሉ፤ በወንዙ ግራና ቀኝም ሁለት ነጥቦች አኖሩ። «የተወለድሁት እዚህ ነው፤ ቤተሰቦቼ ያሉት እዚህ ነው» አሉና በነጥቦቹ መካከል መስመር አሰመሩ። በትውልድ መንደራቸው አጠገብ የሃይማኖታቸው መሥራች ያረፉበት ቤተ ጸሎት እንዳለ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን ከወዲህ ማዶ ቆመው ነጭ ጉልላቱን እያዩ ከሩቅ እንደሚሳለሙት ነገሩን። እኔም እጄን አውጥቼ «ሰር፣ ታዲያ ለምን አይሻገሩም?» አልሁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። መስመሩን በዳስተር ጠረጉና ወደ ክፍልፋዩ ትምህርት ተመለሱ።

መልሱን ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ ከመጻሕፍት ነው። ዘመናቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ቦታው ካርታርፑር ይባላል። ጉሩ ናናክ (1469–1539) የሕይወታቸውን የመጨረሻ ዓመታት እያረሱና እያስተማሩ ያሳለፉት በዚያ ነው። ሰው በዘርና በሀብት ሳይለያይ በአንድ ወለል ላይ ተቀምጦ የሚመገብበት «ላንጋር» የተባለው የጋራ ማዕድ ከእርሳቸው ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። ሲያርፉ ሂንዱዎቹ አስከሬኑን እናቃጥል፣ ሙስሊሞቹ እንቅበር ብለው ተከራከሩ፤ መሸፈኛውን ቢገልጡ ግን ያገኙት አበባ ብቻ ስለነበር፣ ተካፍለው ገሚሱን አቃጠሉ፣ ገሚሱን ቀበሩ ይላል ትውፊቱ። የሁለቱም መታሰቢያ በቦታው ይገኛል።

አበባ ተካፍለው የተስማሙትን ሰዎች የልጅ ልጆች በ1947 ያካፈላቸው ግን ሌላ ነው። ሲሪል ራድክሊፍ የተባለው እንግሊዛዊ የሕግ ሰው፣ ከዚያ በፊት የሕንድን ምድር ረግጦ የማያውቅ ሲሆን፣ ፑንጃብንና ቤንጋልን የሚከፍለውን ወሰን በአምስት ሳምንታት ውስጥ አሰመረ። ወሰኑ ይፋ የሆነው ኦገስት 17፣ ነጻነት ከታወጀ በኋላ ነበር። ሚሊዮኖች ተሰደዱ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ካርታርፑር ለፓኪስታን፣ ትይዩዋ ዴራ ባባ ናናክ ለሕንድ ደረሱ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይሁን እንጂ ተሳላሚው ቪዛ ቢያገኝ እንኳ በላሆር በኩል ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መዞር ነበረበት።

ሁለቱ አገሮች በ1965ና በ1971 ጦር ተማዘዙ። በ1974 ስለ ተሳላሚዎች ጉዞ ስምምነት ተፈራረሙ። የካርታርፑር በር የተከፈተው ግን ኖቬምበር 9 ቀን 2019፣ የጉሩ ናናክ 550ኛ የልደት በዓል ሲከበር ነበር። በስምምነቱ መሠረት በቀን እስከ 5000 ተሳላሚዎች ያለ ቪዛ፣ 20 የአሜሪካ ዶላር ከፍለው፣ ጠዋት ሄደው በዚያው ዕለት ይመለሱ ነበር። በዚያ ቀን በቴሌቪዥን ከሚታዩት ጥምጥማም ሽማግሌዎች መካከል የመምህሬን ፊት ስፈልግ አመሸሁ። በሕይወት ስለመኖራቸው እንኳ የማውቀው አልነበረም።

በሩ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጋ፤ በኖቬምበር 2021 ተከፈተ፤ በሜይ 2025 ሁለቱ መንግሥታት እንደገና በተዋጉ ጊዜ ሕንድ ዘጋችው።

እኔም በበኩሌ መምህር ሆኜ ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። የክርስትና እናቴ አሥመራ ይኖሩ ነበር፤ ኅዳር 21 ቀን አክሱም ጽዮንን ሳይሳለሙ የቀሩበትን ዓመት አላስታውስም። በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ። በሴፕቴምበር 2018 የዛላምበሳ በር ለጥቂት ወራት ሲከፈት እርሳቸው ዐርፈው ነበር። መንገዱ በተዘጋባቸው በእነዚያ ዓመታት አንድ ቀን መረብን በሰሌዳ ላይ ሥዬ ሳስረዳ፣ አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ አያቷ ወንዙን ተሻግረው ለምን እንደማይሳለሙ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀ። ዳስተሩ በእጄ ነበር።

መስመሩን አልጠረግሁትም። «ጥያቄሽ አያስቅም፤ ተቀመጪ፣ ልንገርሽ» አልኋት። ስለ መረብ ከመናገሬ በፊትም ከጎኑ ሌላ ወንዝ ሣልሁ፤ ራቪ ብዬም ጻፍሁበት። ለመምህሬ የመለስሁላቸው ብድር ይህ ብቻ ነው።