ሚዛኑ ላይ ያልወጡት

አዮዋ ውስጥ በአንድ የአሳማ ማድለቢያ ስሠራ በእኔ ጥፋት እንስሳት በረሃብ አልቀዋል። ለአሠሪዬ ግን «በሽታ ነው» አልኩት።

አዮዋ በአሳማ እርባታ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚዋ ናት። እኔ ያደግሁት አሳማ በማይበላበት ቤት ነው፤ ለእናቴም በስልክ «ከብት እርባታ ነው የምሠራው» ነበር የምላት። ስለዚህ አሳማውን ራሱ መዝኖ የሚለይ ማሽን ሲተከል ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ።

በአንድ ሰፊ በረት ውስጥ ብዙ መቶ አሳማዎች አብረው ይውላሉ። መኖው በአጥር በተለየ ክፍል ስለሆነ ወደዚያ የሚያደርሳቸው መንገድ በሚዛኑ ላይ ያልፋል። አንዱ ሲገባ ከኋላው ይዘጋል፣ ይመዘናል፣ ከዚያም በአየር ግፊት የሚሠሩት በሮች እንደ ክብደቱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሰዱታል። ለገበያ ሲደርሱ 280 ፓውንድ (127 ኪሎ) ገደማ የሞላው ለብቻው ይለያል። ቄራዎች ከሚፈልጉት ክብደት ባነሰውም በበለጠውም ላይ ዋጋ ይቀንሳሉ። ቀድሞ ግን በዓይን ገምተን፣ ጀርባቸውን ቀለም እየቀባን ነበር የምንለያቸው።

አሳማ ግን ሚዛኑን መልመድ አለበት። መጀመሪያ በሮቹ ክፍት ይሆናሉ፤ እንስሳቱ መንገዱን ሲያውቁት ቀስ በቀስ ይዘጋሉ። እኔ ሳይለምዱ ዘጋሁባቸው። ማንም አላዘዘኝም፤ ቀልጣፋ መባል አምሮኝ ነው። ደፋሮቹ ገቡ። የበሩ ጩኸት ያስደነበራቸው ግን ውጭ ቀሩ። ውሃ ስላልተለያቸው ቶሎ አልሞቱም።

ቢሮ ተቀምጬ ስክሪኑን ሳይ አማካይ ክብደቱ በየቀኑ ይጨምራል። አሳማዎቻችን የኤሌክትሮኒክ የጆሮ መለያ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ አንዱ ደጋግሞ ባለፈ ቁጥር ደጋግሞ ይመዘገባል። ያልገባው ደግሞ ከነጭራሹ የለም። እንዲያውም የከሱት በመቅረታቸው አማካዩ ያምራል። ይህን ለማወቅ ቦቲ አጥልቆ በረቱን መዞር ይበቃ ነበር። የሞተ ለማውጣት ስገባ ጎናቸው የጎደጎደውን፣ ፀጉራቸው የቆመውን፣ ጥግ ላይ ተደራርበው የተኙትን አይቻለሁ። አይቼም ፈጥኜ ወጥቻለሁ።

የእንስሳት ሐኪሟ አንዱን ከፍታ ጨጓራው ባዶ መሆኑን፣ መቁሰሉንም አሳየችን። «መኖ ተቋርጦባቸው ነበር እንዴ?» ስትል ስክሪኑን አዞርኩላት፤ «ይኸው፣ እየጨመሩ ነው።» አሠሪዬ አመነኝ፤ መድኃኒት ተገዛ። ማታ ሰው ሲሄድ በሮቹን መልሼ ከፈትኩ። የተረፉት በልተው አገገሙ፣ ምስጋናው ለመድኃኒቱ ሆነ።

ሚዛኑን የወደድኩት ትክክል ስለሆነ አይደለም፤ ከእንስሳቱ ጋር ከመነካካት ስለገላገለኝ ነው። አሳማ እንዳልበላ ተምሬያለሁ፤ እንዳስርበው ግን ማንም አላስተማረኝም።

እውነቱን የነገርኩት ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ ነው። የመድኃኒቱን ዋጋ ልክፈል ብለው አሠሪዬ እምቢ አለኝ። በእኔ ምትክ የተቀጠረው ልጅ ግን ጠዋት ጠዋት ስክሪኑን ከመክፈቱ በፊት በረቱን ዳር እስከ ዳር እንዲዞር አዟል።