ታኮ

አባቴ ላዳ ታክሲ ሲነዳ እኔ ፍሬን ነበርኩ። ጋቢና ተቀምጬ፣ እግሬ ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ አስቀምጬ እሄዳለሁ። ቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ መኪናዋ ስትቆም አባቴ «ታኮ!» ይላል፤ ዘልዬ ወርጄ ድንጋዩን ከኋላ ጎማዋ ሥር እወሽቃለሁ። ፍሬና ማኖዋ ከተበጠሰ ቆይቷል። የእኔ በር በሽቦ የታሰረ ዕለት ደግሞ በመስኮት ነበር የምወጣው።

ላዳችን አራት መስኮትና አንድ እጀታ ነበራት። የሞቀው ተሳፋሪ «ሾፌር፣ እጀታውን» ሲል አባቴ ከኪሱ አውጥቶ ያቀብለዋል፤ ሰውየው መስኮቱን አውርዶ እንደ ተዋሰው እስክሪብቶ ይመልሳል። በወለሏ ቀዳዳ አስፋልቱ ሲሮጥ ይታያል፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ራሱ ወደ ውስጥ ይመጣል።

አያቴ አርበኛ ነበሩ። አንድ ማታ አባቴ ከጋራዥ ተመልሶ ወጪውን ሲዘረዝር ሰሙት፦ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ የባትላሜራ የእጅ ዋጋ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ታዲያ ያኔ ያስወጣነው ማንን ነው?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። መኪና እንኳ በምኒልክ ዘመን ነው የመጣችው፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ግን የጋራዡን ቋንቋ ትቶልን ሄደ። ፍሬቻ በነሱ ቋንቋ ቀስት ነው። ታኮ ተረከዝ ነው፤ የሴቶቹ ባለ ታኮ ጫማና የእኔ ድንጋይ ዘመዳሞች ናቸው።

አባቴ «ይቺኛዋስ የሩሲያ ናት» ብሎ ሊያጽናናቸው ሞከረ። አላወቀም እንጂ ላዳም ከዚያው ቤት ናት። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ ያመረተቻት መኪና መሠረቷ ፊያት 124 ነው። ፋብሪካው ያለበት ከተማ እንኳ ቶሊያቲ ይባላል፤ በጣሊያን ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ስም። ሩሲያውያኑ የራሳቸውን መንገድ አይተው ቆርቆሮዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላ ፍሬኗን ከዲስክ ወደ ታምቡር ቀየሩት። ሳያውቁት ለእኛ ጉድጓድ ሠሯት።

በዓመት አንዴ ቦሎ ይደርሳል፤ ቦሎም የጣሊያን ቃል ነው፣ ማኅተም ማለት። ለምርመራው ቀን ላዳችን እንደ ሙሽራ በተውሶ ታጌጣለች፦ ጎማ ከአንዱ ጎረቤት፣ መብራት ከሌላው፤ ፍሬና ማኖዋም ለዚያች ቀን ብቻ በሽቦ ይቀጠላል። በማግስቱ ሁሉም ወደየባለቤቱ ይመለስና መስታወቱ ላይ ቦሎዋ ብቻዋን ትቀራለች። ይህን በኩራት ሳወራ ኖሬያለሁ። ዛሬ እኔም ልጆች ጭኜ ቸርችል ስወርድ፣ በዚያች ቀንና በቀሩት 364 ቀናት መካከል የነበረው ልዩነት እኔና ድንጋዬ ብቻ እንደነበርን ሳስብ ይዘገንነኛል።

ላዳዋ ከተሸጠች ቆየች። ታኮው ግን ሽሮ ሜዳ ቤታችን አለ፤ የግቢውን በር ከንፋስ ይይዛል። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ለዚያች ማታ ጥያቄያቸው የማቀርበው መልስ አለኝ፦ ስሙ የእነሱ ነው አባባ፤ ድንጋዩ ግን የእንጦጦ ነው።